ከአስፋልቱ ዳር እስከ ማኅበሩ መጋዘን

ከእርሻ ልማት ዘጋቢያችን፤ ዳንግላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዊን ምድር ሲያቋርጥ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን እያገናኘ ያልፋል። በዚህ መንገድ ድንች፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በጭነት መኪና ሲወጣ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ደግሞ ሲገባ ማየት የተለመደ ነው። በዚሁ መንገድ የሚመላለስ ሌላም ጭነት አለ። እርሱም በኪስ የሚያዝ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ፍላሽ ነው።

ይህ ዘጋቢ በቅርቡ በዳንግላ ወረዳ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተገኝቶ ነበር። የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ የወሩን የግብዓት ሥርጭት መዝገብ በፍላሽ ገልብጦ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ እንጅባራ ለመሄድ ይጣደፋል። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው እስኪሞላ መጠበቁ፣ በዚያም መዝገቡን የሚረከበው ሰው እስኪገኝ ደጅ መጥናቱ፣ ከዚያም መመለሱ ሲደመር አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበላል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደታየው ደግሞ በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ መዝገቡ ከመሳቢያ ሳይወጣ ይሰነብታል።

በዚያው ዕለት ጠዋት አምስት ገበሬዎች አህያ እየነዱ ለማዳበሪያ መጥተው ነበር። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ማዳበሪያ መኖሩ ታይቶ ደረሰኝ ተቆረጠላቸው። ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ ግን ንብረት ያዡ፣ «ትናንት ማታ አልቋል» ብሎ መለሳቸው። ማንም አልዋሸም። የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የሐሙስን፣ የመጋዘኑ መዝገብ ደግሞ የዓርብን ይናገር ነበር። ገበሬዎቹ አህያቸውን ባዶውን ነድተው ሲመለሱ ግን ይዘው የሄዱት ጥርጣሬን ነው። ማኅበር የሚፈርስበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ አስቀድሞ የሚሸረሸረው እንዲህ ባለው ጥርጣሬ መሆኑን በሥራው ላይ የቆዩ መሪዎች ያውቁታል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ሲታዘቡ ቆይተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ለጽሕፈት ቤቱና ለመጋዘኑ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር አስገቡ እያሉን ነው። እኔ በስልኬም ኢንተርኔት አለኝ። ይኼኛው ከዚያ በምን ይለያል? የማኅበሩንስ ገንዘብ ብናወጣበት ያዋጣናል?»

«ጋሼ፣ በግምት ከምመልስልዎ አጣርቼ ብነግርዎ ይሻላል» ከማለት በቀር በዚያ ሰዓት የተሟላ መልስ መስጠት አልተቻለም። ጥያቄው የአንድ ማኅበር ብቻ ባለመሆኑ፣ ከዚህ በታች የቀረበው ሐተታ ለገበሬ ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሁሉ ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል።

ሁለት ቤት አንድ ክፍል ሲሆን

ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ቦታዎች የሚዘረጋው ፈጣን መስመር በባለሙያዎች ዘንድ «ኤተርኔት» በመባል ይታወቃል። ሐሳቡ የተጸነሰው በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በነበረው የምርምር ማዕከል ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው ሮበርት ሜትካፍ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮች በአንድ ገመድ እንዴት ሊነጋገሩ እንደሚችሉ በጽሑፍ አቀረበ። ከባልደረባው ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖም ሥራ ላይ አዋለው። ስሙ የመጣው የጥንት ሊቃውንት ብርሃን የሚጓዝበት የማይታይ ነገር አለ ብለው «ኤተር» ሲሉ ከሰየሙት ነው።

አሠራሩ ለማንም የሚገባ ነው። በመስመሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አድራሻ አለው። የሚላከው መዝገብ ወይም ሥዕል በትናንሹ ይቆራረጣል። እያንዳንዱም ቁራጭ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎበት ይሄዳል፤ ከዚያም በመድረሻው ተመልሶ ይገጣጠማል። ደንቡ በ1975 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸደቀ። በመሆኑም የአንዱ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ከሌላው ፋብሪካ ኮምፒዩተር ጋር ያለ ችግር ሊነጋገር ቻለ። ፍጥነቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ሄዶ በመጀመሪያ በሴኮንድ 3 ሚሊዮን ያህል ምልክት ብቻ ይልክ የነበረው መስመር በ1990 ዓ.ም. በሴኮንድ አንድ ሺህ ሚሊዮን ምልክት ለመላክ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ደንብ ከአንድ ሕንፃ ወጥቶ በብርሃን ገመድ፣ ማለትም በፋይበር፣ በከተሞች መካከል መሥራት ጀመረ። ፋይበር እንደ ጠጕር የቀጠነ የመስተዋት ክር ሲሆን፣ መልእክቱ በውስጡ በብርሃን ብልጭታ ያልፋል። በዚህ ዓይነት መስመር ዳንግላ ያለው መጋዘንና እንጅባራ ያለው ጽሕፈት ቤት ቢገናኙ፣ ኮምፒዩተሮቻቸው በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ያህል ሆነው ይሠራሉ። ንብረት ያዡ በመጋዘኑ አንድ ኬሻ ሲያወጣ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው መዝገብ በዚያችው ቅጽበት ይቀንሳል። ሐሙስና ዓርብ የሚባል ልዩነት አይኖርም።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች እንዳይምታቱ ማስታወስ ይገባል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር አውታር በእንግሊዝኛ አጠራሩ ሲያጥር «ኤተርኔት» የሚል ስም አለው። እርሱ የተቋም ስም ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን የመስመሩ ዓይነት ነው።

ከስልኩ ኢንተርኔት በምን ይለያል?

የስልክ ኢንተርኔት ከአንድ ማማ በአየር የሚመጣ ሲሆን፣ በማማው ሥር ያለ ሕዝብ ሁሉ ይካፈለዋል። በገበያ ቀን በከተማው ብዙ ሰው ስለሚኖር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚዘረጋ የውል መስመር ግን ገበያ ቢቆምም ባይቆምም የተዋዋሉትን መጠን እንዲሰጥ ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ልዩነት የመላኪያው ነው። ለቤት የሚሸጡት መስመሮች በአብዛኛው ሲያመጡ ይፈጥናሉ፤ ሲልኩ ይዘገያሉ። ቤተሰብ የሚያየውና የሚያዳምጠው ስለሚበዛ ይህ ችግር የለውም። ማኅበር ግን ላኪ ነው። መዝገብ፣ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ወደ ላይ ይልካል። ስለሆነም ማኅበሩ ሲዋዋል የሚልክበትና የሚቀበልበት ፍጥነት እኩል መሆኑን መጠየቅ ይኖርበታል።

የፍጥነቱ መለኪያ «ሜጋቢት በሴኮንድ» ሲሆን፣ የመዝገቡ ክብደት የሚለካው ግን በ«ሜጋባይት» ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ይሳሳታል። ለምሳሌ 50 ሜጋባይት የሚመዝን የዓመት መዝገብ 400 ሜጋቢት ይሆናል። ይህም በ2 ሜጋቢት መስመር 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ፣ በ20 ሜጋቢት መስመር ደግሞ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ256 ኪሎቢት መስመር ቢላክ ግን 26 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል።

ከዚህ ስሌት መሪዎች አንድ ነገር ሊገነዘቡ ይገባል። የማኅበር መዝገብ ከባድ ዕቃ አይደለም። ብዙ ፍጥነት የሚፈልገው ሥዕል ነው። አንድ የመጋዘን መጠበቂያ ካሜራ ቀንና ሌሊት ሥዕል ሲልክ እንደ ጥራቱ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት ሊወስድ ይችላል። ለመዝገብ ሥራ ግን ከታላቅ ፍጥነት ይልቅ የሚያስፈልገው መስመሩ አለመቋረጡ ነው። ይህንን ያልተረዳ ማኅበር ትልቅ ቁጥር ሲሰማ ይማረክና ለማይጠቀምበት ፍጥነት ገንዘቡን ያወጣል።

ከሐረር ሽቦ እስከ ወረዳኔት

የሩቅ መገናኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው የስልክ ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ ተቋቋመ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ገቡ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የገቡትን ገመድ አልባ ስልኮች ብዙዎቻችን እናስታውሳቸዋለን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ከ500 በላይ የወረዳ መስተዳድሮችን ለማገናኘት የታሰበ ሲሆን፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በሳተላይት ነበር። ሳተላይት መንገድና ገመድ ሳያስፈልገው ሩቅ ቦታ መድረሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ለዚህ አገልግሎት የሚውለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፣ አንድ ጥያቄ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ይህ ለንግግር ብዙም ባይጎዳ፣ በየደቂቃው ብዙ ጥያቄና መልስ ለሚለዋወጥ የሒሳብ መዝገብ አድካሚ ነው። በፋይበር ግን ከዳንግላ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ብርሃንን ከአንድ መቶኛ ሴኮንድ በታች ነው የሚፈጅበት።

ዛሬ የአገሪቱ ዋና ዋና የፋይበር መስመሮች በአብዛኛው አውራ ጎዳናዎችንና የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያዎችን ተከትለው የተዘረጉ ናቸው። የባሕር በር ስለሌለን ወደ ውጭ የምንወጣው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል፣ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር በመገናኘት ነው። በአገልግሎት አቅራቢነት ለረዥም ጊዜ ብቻውን ሲሠራ የቆየው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀምሯል። ስለሆነም በአካባቢው ሁለቱም ያሉ ከሆነ የሁለቱንም ዋጋና ውል አስቀርቦ ማነጻጸር ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራው ይታወቅ

መስመር ከማስገባት በፊት መስመሩ የሚሠራው ሥራ በግልጽ መታወቅ አለበት። ገበሬው ስለ አዘራርና ስለ ተባይ ለመጠየቅ ወደ 8028 የሚደውለው በተራ ስልክ ነው፤ ፋይበር አያስፈልገውም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም በእጅ ስልክ ይሠራል። ለእነዚህ ሥራዎች ብሎ ማኅበሩን ወጪ ውስጥ የሚያስገባ መሪ ተሳስቷል።

የውል መስመር የሚያዋጣው ከሚከተሉት ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱ ሲኖሩ ነው።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ከአንድ በላይ የሥራ ቦታ ሲኖረው ነው። ጽሕፈት ቤት፣ የግብዓት መጋዘን፣ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ቤት በየፊናቸው መዝገብ የሚይዙ ከሆነ አንድ መዝገብ እንዲሆኑ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ምርት በጅምላ የሚሸጥ ሲሆን ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዢ በአካል ቆመው በጩኸትና በእጅ ምልክት ይገበያዩ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። የሰሊጥ ወይም የቦሎቄ ዋጋ የሚወሰነው በመስመር ላይ ከሆነ፣ ዋጋውን ከነጋዴ አፍ የሚሰማ ማኅበር ሁልጊዜ ዘግይቶ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ኦዲት ነው። መዝገቡ በየዕለቱ ከማኅበሩ ውጭ ባለ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ፣ ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ወይም አንድ ሰው መዝገቡን ሊለውጥ ቢሞክር የቀድሞው ቅጂ ይገኛል። አባላት «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁ ወዲያውኑ ማሳየት ይቻላል።

አራተኛ፣ ትምህርት ነው። የዘር ድንች በሽታን ወይም በዲከረንስ ዛፍ ላይ የታየውን ሕመም በሥዕል እያሳዩ በሩቅ ካለ ባለሙያ ጋር መወያየት ጥሩ መስመር ይፈልጋል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው መኖሩ ለዚህ ዓይነት ሥራ በር የሚከፍት ነው።

የመጨረሻው መቶ ሜትር

ወንዝ በመንደር አጠገብ ስላለፈ ብቻ ማሳ አይጠጣም፤ ቦይ የሚቆፍር ይፈልጋል። የፋይበርም ነገር እንደዚሁ ነው። ገመዱ በአስፋልቱ ዳር ማለፉ ማኅበሩ መስመር አለው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ወጪውም፣ ብልሽቱም፣ መጓተቱም ያለው ከአስፋልቱ እስከ ማኅበሩ በር ባለው ርቀት ላይ ነው። ይህ ደግሞ የማኅበር መሪ ከማንም ባለሙያ የበለጠ የሚያውቀው ቦታ ነው። የማን ማሳ እንደሆነ፣ ክረምት ውኃ የሚቆምበት የት እንደሆነ፣ ከብት የሚወርድበት የት እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው።

በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ትልልቆቹ ኩባንያዎች መስመር አናስገባም ቢሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሳቸውን የኅብረት ድርጅት አቋቋሙ። ባለ ማሳዎቹ ቦዩ በመሬታቸው እንዲያልፍ ያለ ክፍያ ፈቀዱ። ጉልበት ያለው ቆፈረ፣ ትራክተር ያለው በትራክተሩ ረዳ፤ ገንዘብ ያለውም አክሲዮን ገዛ። በዚህም ብዙ ከተሞች ያላገኙትን ፍጥነት መንደሮቻቸው አገኙ። በአገራችን የቴሌኮም አገልግሎት ለመስጠት ፈቃድ የሚያስፈልግ በመሆኑ ማኅበር በራሱ ተነሥቶ መስመር ዘርግቶ ሊሸጥ አይችልም። የቦይ መሬት ማስማማትና በግቢው ውስጥ መቆፈር ግን ይችላል።

በሌላ በኩል የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደ 250 ሺህ ለሚጠጉ የመንደር ምክር ቤቶች ፋይበር ለመዘርጋት ታላቅ ሥራ ጀመረ። መስመሩ ከደረሰ በኋላ ግን በብዙ መንደሮች በመብራት መጥፋት፣ በገመድ መቆረጥና በጥገና ጉድለት ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። በመንደሩ ገመዱን «የኔ ነው» የሚል ሰው ካልተመደበ መስመሩ ቢደርስም እንደማይሠራ ይህ ያስተምራል።

ስለዚህ በመስመሩ አካሄድ ላይ አራት ነገሮች መጠንቀቅ ያሻል።

ስለ ርቀት፦ በሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋው ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ያለው የመዳብ የኤተርኔት ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አይሠራም። ጽሕፈት ቤቱና መጋዘኑ ከዚህ በላይ ከተራራቁ በመካከላቸው ፋይበር መግባት አለበት። ርቀቱን ሳይለኩ ገመድ የሚገዙ ገንዘባቸውን ያባክናሉ።

ስለ መብረቅ፦ የአዊ ደጋ ክረምቱ የበረታ፣ መብረቁም የሚያስፈራ ነው። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተወጠረ የመዳብ ገመድ የመብረቅን ኃይል ተሸክሞ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። የፋይበሩ መስተዋት ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሁለት ቤቶች መካከል እርሱን መዘርጋት ይመረጣል። ሕንፃውም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ ሊኖረው ይገባል።

ስለ መብራት፦ ፋይበሩ ራሱ መብራት ባይፈልግም ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ይፈልጋሉ። እነዚህ ትናንሽ መሣሪያዎች የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ስለሆነ በባትሪ ወይም በትንሽ የፀሐይ ኃይል ሊያዙ ይችላሉ። ዩፒኤስ ሳይገዙ መስመር ማስገባት በሬ ሳይኖር ቀንበር እንደ መግዛት ነው።

ስለ ጥበቃ፦ ፋይበር መዳብ የለውም። መዳብ መስሎት የሚቆርጥ ሌባ የሚያገኘው መስተዋትና ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ በከተማው ግን ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ማኅበሩም ሥራ ይቆማል። ይህ በየስብሰባው ሊነገር ይገባል። የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ መስመሮችን የሚጎዳ ሰው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 464 በወንጀል እንደሚጠየቅም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ መንገድና የውኃ ቦይ የሚቆፈርበት ጊዜ ገመዱ የሚያልፍበት ቦታ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። በግቢ ውስጥ ደግሞ አይጥ እንዳይበላው በቱቦ ማሳለፍ ነው።

ከመፈረም በፊት

በውል ላይ «99 በመቶ ይሠራል» የሚል ቃል ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶው ከ87 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይሆናል። እነዚያ ሦስት ቀን ተኩል በማዳበሪያ ሥርጭት ሳምንት ላይ ቢውሉ ማኅበሩ ምን ያደርጋል? «99.9 በመቶ» ከተባለ ግን የሚቋረጠው በዓመት ከ9 ሰዓት አይበልጥም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አንዲት ነጥብና አንድ አኃዝ ናት።

በመሆኑም የማኅበሩ መሪዎች ለአቅራቢው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢያቀርቡና መልሱንም በጽሑፍ ቢቀበሉ ይበጃል።

1. መስመሩ ለእኛ ብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር የምንካፈለው ነው? ከሌሎች ጋር ከሆነ ከስንት ጋር?

2. የምንልክበትና የምንቀበልበት ፍጥነት እኩል ነው?

3. ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለውን ወጪ የሚሸፍነው ማነው? እኛ ብንቆፍር ከዋጋው ይቀነስልናል?

4. መስመሩ ሲቋረጥ በስንት ሰዓት ውስጥ ይጠገናል? ካልተጠገነስ ከወርኃዊ ክፍያው ምን ያህል ይቀነሳል?

5. ብልሽት ስንዘግብ የምንደውለው ለማን ነው? ጠጋኙ የሚመጣው ከየት ከተማ ነው?

6. ሁለቱን የሥራ ቦታዎቻችንን በቀጥታ ታገናኙልናላችሁ ወይስ ለእያንዳንዱ የተለየ ኢንተርኔት ነው የምትሸጡልን?

7. ከስድስት ወር በኋላ ፍጥነቱን ለመቀነስ ወይም ለመጨመር ብንፈልግ ይቻላል?

ከዚህም ጋር ማኅበሩ በራሱ በኩል መልስ ሊሰጥበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሒሳብ ያዡ የጉዞ ወጪ፣ የሚባክነው የሥራ ቀን፣ በመዝገብ ስሕተት የሚጠፋው ዕቃና በዋጋ መረጃ እጦት የሚቀረው ገቢ በዓመት ተደምሮ ከመስመሩ የዓመት ክፍያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው። ከበለጠ መስመሩ ይግባ። ካነሰ ማኅበሩ ለጊዜው በስልክ ይሥራ፤ ወይም ከዩኒየኑና ከጎረቤት ማኅበራት ጋር ሆኖ ውሉን በጋራ ይጠይቅ። ብዙ የሥራ ቦታ ይዞ የሚቀርብ ጠያቂ ከአንድ ነጠላ ጠያቂ የተሻለ ውል የማግኘት ዕድል አለው።

ደብተሩ አይጣል

በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። ሥራውን ሙሉ በሙሉ በስልክ ኢንተርኔት ላይ ያደረገ ሁሉ በዚያን ጊዜ ተቸግሯል። መስመር በብልሽትም፣ በቆፋሪም፣ በትእዛዝም ሊቋረጥ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የሚጠቀምበት የመዝገብ ሥርዓት መስመር በሌለ ጊዜም በኮምፒዩተሩ ላይ ሠርቶ፣ መስመሩ ሲመለስ የሚያስተካክል ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የወረቀቱ ደብተርም ከነማኅተሙ በቦታው ይቆይ። ፈጣኑ መስመር ደብተሩን የሚያግዝ እንጂ የሚያስጥል አይደለም።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር ሰው ነው። መሣሪያውን የሚይዝ፣ የይለፍ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ብልሽት ሲኖር የሚደውል አንድ ሰውና አንድ ምትክ በስም ሊመደቡ ይገባል። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ብቻ ከተያዘ፣ ያ ሰው ሥራ በለቀቀ ቀን መዝገቡም አብሮት ይሄዳል። በአካባቢያችን አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ስላሉ፣ ከአባላት ልጆች መካከል ሁለቱን ማሠልጠን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህ ዘጋቢ ያጣራውን ይዞ ወደዚያው ማኅበር በተመለሰ ጊዜ ሊቀ መንበሩ መልሱን በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያም «እንግዲያው ከመለካት እንጀምር» ብለው ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው እንዲወጡ አዘዙ። ከአስፋልቱ እስከ ጽሕፈት ቤቱ 60 ሜትር፣ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ መጋዘኑ ደግሞ 140 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ከመቶ ሜትር ስለሚበልጥ የመዳቡ ገመድ እንደማይደርስ፣ በመካከሉም ፋይበር እንደሚያስፈልግ እዚያው ተረዱ። ሊቀ መንበሩ ሁለቱን ቁጥሮች በደብተራቸው ላይ ከጻፉ በኋላ፣ ሰባቱ ጥያቄዎችና የዓመቱ የጉዞ ወጪ ተደምረው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርቡ ለሒሳብ ያዡ ነገሩት።

ሒሳብ ያዡም እሺ ብሎ ፍላሹን ኪሱ ከተተና ወደ መናኸሪያው ሄደ። በዚያ ቀን መዝገቡ ገና የሚሄደው በሚኒባስ ነበር።